ሳህኑ ባዶ ይመለስ

ልጆቼ፣

በሥነ ምግብ ባለሙያነት ከ30 ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዕድሜዬ ያለቀው በሆስፒታል ኩሽናና በታካሚዎች ክፍል መካከል ስመላለስ ነው። አንድ ልማድ ነበረኝ። ከምሳ በኋላ የተሰበሰቡትን ሳህኖች ሳይታጠቡ ዞሬ አያቸዋለሁ። ማን ሥጋውን ትቶ መረቁን ብቻ ጠጣ? ማን የዳቦውን ጠርዝ ተወ? የማን ሳህን ክዳኑ ሳይነሳ ተመለሰ? የኩሽና ሠራተኞቹ መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። ኋላ ላይ ግን «የ7 ቁጥሩ ሰውዬ ዛሬም አልነካውም» እያሉ ራሳቸው ይነግሩኝ ጀመር።

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለወጣቶቹ ነው። አንድ ቀን እናት፣ አባት፣ አያት ወይም የትዳር ጓደኛ ይታመምና ማማሰያው እናንተ እጅ ይገባል። ስልካችሁን ከፍታችሁ «ለበሽተኛ የሚሆን ምግብ» ብላችሁ ትፈልጋላችሁ። ይህ ይጠቅማል፣ ያ ይጎዳል የሚል ረጅም ዝርዝር ይመጣላችኋል። ዝርዝሩ የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። ያልተዋጠ ምግብ፣ ምንም ያህል ጤናማ ቢሆን፣ ለማንም አይጠቅምም።

እኔ ይህን በደንብ የተማርኩት በእናቴ ላይ ተሳስቼ ነው። የደም ግፊት እንዳለባት ሲነገራት 74 ዓመቷ ነበር። እኔ ደግሞ ባለሙያዋ ልጅ ነኝ። ቤቷ ገብቼ ጨው አወጣሁ፣ ቅቤ አወጣሁ፣ እንቁላል ከለከልኩ። በእንፋሎት የበሰለ አትክልትና ቀጭን ሾርባ ብቻ ሆነ። እናቴ ጨዋ ሰው ናት። «እጅሽ ይባረክ» ትልና ሁለት ሦስት ማንኪያ ቀምሳ ሳህኑን ገፋ ታደርገዋለች። በ3 ወር ውስጥ 6 ኪሎ ቀነሰች። ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ሲያስቸግራት ክር ጠቀለለችበት።

ሐኪሟ «ምን ትበላለች?» ብሎ ሲጠይቀኝ በኩራት ዘረዘርኩለት። እስክጨርስ ጠበቀኝና «የምታበስዪላትን አልጠየቅኩሽም። የምትበላውን ነው» አለኝ። አፌ ተያዘ። የስንቱን ሰው ሳህን ሳይ ኖሬ የእናቴን ሳህን አላየሁም ነበር።

በእናንተ ዕድሜ የሚሰጠው የጤና ምክር ባብዛኛው «ቀንሱ» ነው። ቅባት ቀንሱ፣ መጠን ቀንሱ፣ ሳህኑን በአትክልት ሙሉት። ለእናንተ ልክ ነው። ለታመመ ወይም ለሸመገለ ሰው ግን ምክሩ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። የእነሱ ትልቁ ጠላት ክሳት ነው። የሰው ጡንቻ ከ30 ዓመት ግድም ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። አልጋ ላይ መዋል ሲጨመርበት የባሰ ነው። በአንድ ጥናት ላይ ጤናማ አዛውንቶች ለ10 ቀን አልጋ ላይ ብቻ ሲቆዩ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጥተዋል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ያልታመሙ ሰዎች ናቸው። አባታችሁ ከሆስፒታል ወጥቶ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው «አርጅቷል» አትበሉ። ምናልባት ርቦት ይሆናል።

ስለዚህ ጡንቻ የሚገነባውን ፕሮቲን ቁጠሩ። ለጤናማ ጎልማሳ የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ነው። ለአዛውንቶች ብዙ ባለሙያዎች ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይላሉ፤ ሲታመሙ እስከ 1.5 ይደርሳል። 60 ኪሎ የምትመዝን እናት ቢያንስ 60 ግራም ያስፈልጋታል ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ 100 ግራም የበሰለ ምስር 9፣ 100 ግራም የበሰለ ዶሮ ደግሞ ወደ 30 ግራም። ደምሩት። በሻይና በዳቦ የዋለች እናት የት ላይ እንደምትቀር ወዲያው ይታያችኋል። ኩላሊቱ የደከመና ዲያሊስስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ያልጀመረ ሰው ግን ሂሳቡ ሌላ ነው፤ እሱን ሐኪሙ ይወስን።

አሁን ስለ መረቅ ላውራ፤ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ነው። በየቤቱ ሰው ሲታመም አጥንት ይቀቀላል፣ ውኃው ይጠለልና ለበሽተኛው ይሰጣል። ሥጋውን ጤነኞቹ ይበሉታል! ከዚያ «መረቅ ስንሰጠው ከረመ፣ ግን አልበረታም» ይባላል። የዘመናዊ ነርስነት ፈር ቀዳጅ የሆነችው እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ይህንኑ ጽፋለች። የሥጋ መረቁን ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ አፍሉትና የሚተርፈውን እዩ፤ በግማሽ ፓይንት (አንድ ብርጭቆ ያህል) ውኃ ውስጥ የሚገኘው ጠጣር ምግብ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም ነው ያለችው። ምግብ በተትረፈረፈበት መካከል በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን በየዓመቱ በረሃብ እንደሚጎዱም ጽፋለች። ምክንያቱ ምግቡን እንዴት መውሰድ እንደሚችሉ የሚያስብላቸው ሰው መጥፋቱ ነው። እኔም የተመለሱትን ሳህኖች ሳይ ብዙ ጊዜ እሷ ትዝ ትለኛለች።

መረቅ አልንቅም። ያሞቃል፣ ውኃና ጨው ይተካል፣ ሽታው ፍላጎት ይከፍታል። ግን መነሻ ይሁን። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት በዝግታ አበስላለሁ። የተከተፈ ካሮት፣ ቀይ ምስርና መረቁን እጨምራለሁ። ምስሩ እስኪፈርስ ድረስ ቲማቲም አይገባም፤ አሲዱ ጥራጥሬው ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። ምስሩ ሲበስል ቲማቲሙን ጨምሬ ጥቂት አፈላለሁ። ከዚያ ግማሹን ፈጭቼ መልሼ እቀላቅለዋለሁ። በመጨረሻ ሁለት እንቁላል መትቼ በሚፈላው ሾርባ ላይ በቀጭኑ እያፈሰስኩ አማስለዋለሁ፤ በደንብ ይብሰል። ከእሳት ካወረድኩ በኋላ ሎሚ እጨምቅበታለሁ።

እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው። በካሮት ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን) አንጀት እንዲቀበለው ዘይት ይፈልጋል፤ መብሰሉም ይረዳዋል። የሎሚው ቫይታሚን ሲ የምስሩ ብረት እንዲመጠጥ ያግዛል። ሙቀት ስለሚያጠፋው ነው በመጨረሻ የሚገባው። ሻይና ቡና ደግሞ ብረቱን ስለሚይዙት ከምግቡ ጋር ሳይሆን ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጠጡ። እንቁላሉ ደግሞ መረቅ የሌለውን ይሰጣል። እናንተ በፈለጋችሁት ቀይሩት፤ ዓሳ ይሁን፣ ዶሮ ይሁን፣ ባቄላ ይሁን።

ቀይ ቦሎቄ ከሆነ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ጥሬው መርዝነት ያለው ፕሮቲን አለው። ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውኃውን ድፉት፣ በአዲስ ውኃ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል አንተክትኩት። በዝቅተኛ ሙቀት በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ብቻ ከበሰለ መርዙ ሊብስ ይችላል።

ስለ ያልተፈተገ እህል ብዙ ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ክርስቲያን ኤይክማን የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም ጃቫ ደሴት ላይ የተፈተገ ሩዝ የሚበሉ ዶሮዎች እግራቸው ሲዝል፣ ገለባውን ሲያገኙ ሲነሱ አየ። ከእህሉ ላይ የተላጠው ነገር ይዞት የሚሄድ ንጥረ ነገር ነበር፤ ዛሬ ቫይታሚን ቢ1 እንለዋለን። እ.ኤ.አ. በ1929 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። እኔም አጃ፣ ጥራጥሬና ያልተፈተገ ሩዝ እወዳለሁ። ሃይማኖት ግን አላደርገውም። ተቅማጥ የያዘው ወይም አንጀቱ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ታካሚ ለጊዜው ነጭ ሩዝ ይሻለው ይሆናል። ሁለት ማንኪያ ብቻ የሚችል ሰው ደግሞ ሆዱን በገለባ ሞልታችሁ ለእንቁላሉ ቦታ አታሳጡት።

ለእንዲህ ያለው ሰው ብልሃቱ ማንኪያውን ማክበድ ነው። በአጃው ላይ ወተት እንጂ ውኃ አይግባ። በተፈጨው ድንች ላይ የወይራ ዘይትና የዓሳ ድቃቂ ይጨመር። እርጎው ቅባቱ ያልተነሳለት ይሁን። በቀን 3 ትልቅ ገበታ ከማቅረብ 6 ጊዜ በትንሽ ሳህን አቅርቡ። የሞላ ሳህን በሽተኛን ያስፈራዋል፤ ገና ሳይቀምስ ይሸነፋል። ለ5 ቀንና ከዚያ በላይ ምንም ያልቀመሰ ሰው ካለ ግን በአንዴ አታስበሉት። የደሙ ማዕድናት በድንገት ሊዛቡ ይችላሉ፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

አያታችሁ «ምግቡ አይጥምም» ስትል ሙያችሁን እየሰደበች አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ማሽተት ይደክማል፤ ጣዕም ደግሞ ባብዛኛው ሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ጨው ካወጣችሁ ሌላ ነገር አስገቡ፤ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በደንብ የጠቆረ ሽንኩርት። ኪሞቴራፒ (የካንሰር መድኃኒት) ላይ ላለ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። ሽታው ያቅለሸልሸዋል፤ ብረት ብረት ይለዋል። ለእሱ ቀዝቀዝ ያለ ምግብ ስጡት፣ ማንኪያውንም በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ቀይሩለት። ትናንት የወደደውን ዛሬ ቢጠላው አትቆጡ። ደግሞ አታልቅሱበት፤ ስታለቅሱበት ለእናንተ ብሎ ይውጥና ያስመልሰዋል።

ሲበላ የሚያስለውን ሰው በትኩረት እዩት። ደጋግሞ ትን ካለው፣ ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውኃ የያዘ ከመሰለ፣ ምግቡ ወደ ሳንባ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ይህ የመዋጥ ችግርን በሚያክም ባለሙያ መታየት አለበት። እስከዚያው ተኝቶ አይብላ፤ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተቀመጠ ይቆይ። ምግቡ እንዲፈጭ ከታዘዘ ሁሉንም አንድ ላይ አትፍጩት። ካሮቱ ለብቻ፣ ዶሮው ለብቻ፣ ድንቹ ለብቻ። ግራጫ ሆኖ የቀረበለትን ምግብ እናንተስ ትበሉታላችሁ?

መድኃኒትና ምግብ የሚጋጩባቸው ቦታዎች አሉ። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ጎመንና ቆስጣ ማቆም የለበትም፤ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት አይዋዥቅ። ግሬፕፍሩት (መራራ፣ ትልቅ ብርቱካን መሰል ፍሬ) ከአንዳንድ የኮሌስትሮልና የግፊት መድኃኒቶች ጋር አይሄድም። ሜትፎርሚን (የስኳር በሽታ መድኃኒት) ለዓመታት የወሰደ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ይለካለት። የቀረውን ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ ማንም እየጠየቀው አይደለም እንጂ ያውቀዋል።

ንጽሕናውን በአጭሩ ልበል። የደከመ ሰውነት የተበላሸ ምግብ አይችልም። ጥሬ እንቁላልና ያልፈላ ወተት ይቅር። የተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ በተለይ ሩዝ። ትልቁን ድስት እንዳለ አታስገቡት፣ በጠፍጣፋ ዕቃ ከፋፍሉት።

«ምግብህ መድኃኒትህ ይሁን፣ ሂፖክራተስ» የሚል ጽሑፍ በየኩሽናው ተለጥፎ አያለሁ። በዚህ የጥንት ግሪክ ሐኪም ስም በቆዩት ጽሑፎች ውስጥ አባባሉ አይገኝም። ምግብ በእርግጥ ያዳነበት ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የመርከብ ሐኪም በስከርቪ የታመሙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፋፍሎ፣ ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ከሁሉ ቀድመው ሲድኑ አይቷል። እነሱ የታመሙት ግን ፍራፍሬው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ጎድሎባቸው ነው። ካንሰር የሎሚ እጥረት አይደለም። ጭማቂ እየጠጡ ሕክምናቸውን ያቋረጡ ታካሚዎች ነበሩኝ፤ አንዳንዶቹ ሲመለሱ ጊዜው አልፎ ነበር። ምግብ ሰውየው ሕክምናውን እንዲችል ጉልበት ይሰጠዋል። ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር ሆኖብኝ አያውቅም።

የእናቴን ነገር ሳልጨርስላችሁ። ከሐኪሙ እንደተመለስን ማታውን «እማዬ፣ ምን ልሥራልሽ?» አልኳት። በ3 ወር ውስጥ ይህን ስጠይቃት የመጀመሪያዬ ነበር። ትንሽ አሰበችና «እንቁላል ጥብስ» አለች። ሁለት እንቁላል በቅቤ ጠበስኩላት፣ ቲማቲም ከተፍኩበት፣ ጨው በጣቴ ጫፍ ነሰነስኩ። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት በላሁ።

«ጨው አንሶታል» አለችኝ። ሳህኑን ግን በዳቦ ጠርጋ ነው የመለሰችልኝ።