መኪናዋ ከክሪክ ላይ ለምን ወደቀች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የፊት ግራ ጎማዬ ተንፍሶ ራሴ ልቀይር ሞከርኩ። መኪናዬ አውቶማቲክ ስለሆነች ፒ (የማቆሚያው ማርሽ) ላይ አድርጌ፣ በክሪክ አንስቼ ዳዶውን መፍታት ጀመርኩ። ጠብቆ እምቢ ሲለኝ መፍቻውን በእግሬ ረገጥኩት። መኪናዋ ሸተት አለችና ክሪኩ ተጋደመ። እኔ ተርፌያለሁ። የእጅ ፍሬን አልሳብኩም፤ ፒ ይበቃል ብዬ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው የክሪኩ?
(ዳግመኛ ለመንካት የፈራሁ)

መልስ፦ እንኳን ተረፍሽ፣ ልጄ። ክሪኩን ግን አትርገሚው። እሱ የሚያውቀው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው፤ ከጎን ከገፉት እንደ ሰከረ ሰው ይዘማል።

ጉድ የሠራሽ ፒ ነው። ፒ የሚቆልፈው ካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን እንጂ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አይደለም። በካምቢዮውና በጎማዎቹ መሀል ዲፈረንሻል የሚባል የጥርስ ስብስብ አለ፤ ሥራው መኪና ሲታጠፍ ግራና ቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ማድረግ ነው። አንዱን ጎማ ከመሬት ስታነሺው ግን አየር ላይ ያለው ወደ ኋላ ይዞራል፣ መሬት ላይ ያለው ወደ ፊት ይንከባለላል፣ ካምቢዮው እንደተቆለፈ ነው! ስለዚህ ሞተሩ የሚነዳው የፊት ጎማዎችን ከሆነ፣ አንዱን የፊት ጎማ ስታነሺ ፒ የለም በይ። ማንዋል መኪናን ማርሽ ውስጥ ማቆምም ያው ነው።

የእጅ ፍሬን በአብዛኛው መኪና የኋላ ጎማዎችን ነው የሚይዘው። አጥብቀሽ ሳቢው። የኋላ ጎማ ስታነሺ ደግሞ ፍሬኑ በአንድ እግሩ ቀረ ማለት ነው። እኔ በወጣትነቴ ይህን የተማርኩት በፒካፕ ነው። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ በላላ ፍሬን ተማምኜ የኋላ ጎማ ፈታሁ። መኪናው ስንዝር ያህል ሄደና ዘጭ አለ። እጄን ያተረፈው ከጎኑ ሥር አጋድሜ የከተትኩት ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) ነው። እሱም ቢሆን አለቃዬ ጨቅጭቆኝ እንጂ በራሴ ብልጠት አይደለም።

ታኮ አድርጊ። ድንጋይም እንጨትም ይሆናል፤ በሰያፍ ትይዩ ላለው ጎማ፣ ከፊትም ከኋላም። የፊት ግራ ከሆነ የምትፈቺው፣ ታኮው ለኋላ ቀኝ ነው። ሰው ሁሉ ከመኪናው ይውረድ።

ዳዶ የሚላላው ጎማው መሬት ላይ እያለ ነው። ግማሽ ዙር ይበቃል። ያኔ መፍቻውን ብትረግጪውም መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። አንቺ የረገጥሽው መኪናዋን አንጠልጥለሽ ነው።

ክሪኩን የምታስገቢው አምራቹ ባዘጋጀው ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከበሩ ሥር፣ ከፊት ጎማ ኋላ ወይም ከኋላ ጎማ ፊት ያለ የተጠናከረ ጠርዝ ነው። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ወፍራም ጣውላ ከሥሩ አንጥፊ። ከመኪናው ሥር ግን አትግቢ፣ ለወደቀ ዳዶም ቢሆን።

አንዳንዴ ዳዶው ሁሉ ተፈትቶም ጎማው ዝጎ ይጣበቃል። ሰው ታዲያ በእርግጫ ይለዋል፣ መኪናው በክሪክ ላይ ቆሞ! ይልቅ ዳዶዎቹን መልሰሽ በእጅ ያዝ አድርጊያቸው፣ ከዚያ መኪናውን ቀስ ብለሽ አውርጂው። የራሱ ክብደት ያላቅቀዋል።

ስትመልሺ የዳዶው ሾጣጣ ጎን ወደ ቸርኬው ይሁን። በእጅ ጀምሪ፣ በመስቀለኛ እያፈራረቅሽ አስጠጊ፤ የመጨረሻውን ማጥበቅ ካወረድሽ በኋላ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድተሽ ደግመሽ እዪው። ስኮርታሽ ቀጭኗ ከሆነች በሰዓት ከ80 አትለፊ። ነፋሷንም አሁኑኑ አስለኪ፤ አብዛኞቹ 60 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይፈልጋሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን ተኝተው ተንፍሰው ነው የሚገኙት።

የተጋደመው ክሪክሽን ደግሞ ብርሃን ላይ አውጥተሽ ጥርሱንና ዘንጉን እዪ። ዘንጉ ትንሽ እንኳ ከጎበጠ ሌላ ግዢ።