ሰባቱ ቡችሎች መቼ ይከተቡ? የትል መድኃኒቱስ ከመቼ ይጀመር?

ጥያቄ፦ ውሻችን ሰባት ቡችሎች ከወለደች ዛሬ 12ኛ ቀኗ ነው። ሁሉም ደህና ይጠባሉ፤ ዓይናቸውንም መግለጥ ጀምረዋል። ሁለት ወር ሲሞላቸው የትል መድኃኒት ሰጥተን፣ አንድ ጊዜ አስከትበን ለዘመድ ወዳጅ ልናከፋፍላቸው አስበን ነበር። ጎረቤታችን ግን «ትሉ እስከዚያ አይጠብቃችሁም፤ ክትባቱም በአንድ ጊዜ አያልቅም» አሉን። አንዱ ክትባት ከሠራ መደጋገሙ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ጎረቤትዎ በሁለቱም ልክ ናቸው፤ የትሉን መድኃኒት ለመጀመር የቀረዎት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ቡችሎችን ወስፋት የሚይዛቸው መሬት ልሰው ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹን ገና በማኅፀን ሳሉ ይይዛቸዋል። የወስፋቱ እጭ በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ይቆይና፣ እርግዝናዋ ወደ መገባደጃው ሲቃረብ ነቅቶ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሶቹ ይሻገራል። ከወሊድ በኋላ ደግሞ ወስፋቱም፣ ደም መጣጩ መንጠቆ ትልም በወተት በኩል ይተላለፋሉ። ስለዚህ እናቲቱ ጤናማ መሆኗና በዓይነ ምድሯ ላይ ትል አለመታየቱ ለቡችሎቹ ዋስትና አይሆንም። ሁለት ወር የሚጠብቅ ሰው ሆዱ የተነፋ፣ ፀጉሩ የደረቀ፣ እየጠባ የማይወፍር ቡችላ ሊያገኝ ይችላል፤ መንጠቆ ትል በብዛት የያዘው ቡችላ ደግሞ ደሙ አልቆ ከዚያ በፊት ሊሞት ይችላል።

መድኃኒቱ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ6ኛውና በ8ኛው ሳምንት፣ ከዚያም ስድስት ወር እስኪሞላቸው በየወሩ ይሰጣል። የሁለት ሳምንቱ ልዩነት በምክንያት የተመረጠ ነው። ለዚህ ዕድሜ የሚሰጡት እንደ ፒራንቴል ያሉ መድኃኒቶች አንጀት ውስጥ ያለውን ትል ያስወግዳሉ እንጂ በጉበትና በሳንባ በኩል ገና በጉዞ ላይ ያለውን እጭ አያገኙትም፤ ያ እጭ በሳል ወደ ጉሮሮ ወጥቶ፣ ተውጦ አንጀት ሲደርስ ቀጣዩ መድኃኒት ሊቀበለው ይገባል። እናቲቱም በዚያው ቀን ትወስዳለች፤ ቡችሎቿን እየላሰች ስታጸዳ ከእነርሱ የሚወጣውን መልሳ ትውጠዋለችና።

መጠኑን በግምት እንዳይሰጡ አደራ እላለሁ። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጠው ቡችሎቹን አንድ በአንድ ይመዝኑ፤ እንዳይምታቱብዎም በእያንዳንዳቸው አንገት ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ላላ አድርገው ይሰሩ። የአንድ እናት ልጆች ሆነው እንኳ አንዱ 600 ግራም፣ ሌላው 900 ግራም ሊመዝኑ ይችላሉ። የታዘዘው መጠን በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ቢሆንና ፈሳሹ በአንድ ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ቢይዝ፣ የመጀመሪያው 0.6፣ ሁለተኛው 0.9 ሚሊ ሊትር ይወስዳል ማለት ነው። የእርስዎ ጠርሙስ ግን ከዚህ የተለየ ብርታት ሊኖረው ስለሚችል ጽሑፉን ያንብቡ ወይም የእንስሳት ሐኪምዎ እንዲያሰሉልዎ ያድርጉ። ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቀው፣ መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ ከጉንጩ በኩል ቀስ እያሉ ያጠጡት፤ ራሱን ወደ ኋላ ቀልብሰው በአንድ ጊዜ ካፈሰሱበት ወደ ሳንባው ይገባል። ለከብት የተዘጋጀ መድኃኒት ቀንሶ መስጠት አደገኛ ነው፤ በተለይ አይቨርሜክቲን በጥቂት ስህተት ቡችላን ሊመርዝ ይችላል።

በማግስቱ ነጫጭ ትሎች እንደ ክር ተጠቅልለው ቢወጡ አይደንግጡ፤ መድኃኒቱ እየሠራ ነው። ዓይነ ምድሩን ግን በየቀኑ ይሰብስቡ። የወስፋት እንቁላል እንደወጣ ወዲያውኑ አይበክልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታትን ይፈልጋል፤ አንዴ አፈር ውስጥ ከበሰለ በኋላ ግን ለዓመታት ይቆያል፤ የተለመደው የጽዳት ኬሚካልም አይገድለውም። ይህ ትል ወደ ሰው ገብቶ ጉበትና ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ልጆች ከቡችሎቹ ጋር ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ወደ ክትባቱ ልምጣ። ቡችሎቹ በተወለዱ በመጀመሪያው ቀን የጠቡት እንገር የእናታቸውን መከላከያ ሰጥቷቸዋል። ይህ መከላከያ በሽታውን እንደሚያስቆመው ሁሉ፣ በክትባቱ ውስጥ ያለውን የተዳከመ ቫይረስም የቡችላውን ሰውነት ሳያስተምር ያከሽፈዋል። በሳምንታት ውስጥ ግን እየሳሳ ይሄዳል፤ በሽታውን ለማስቆም አንሶ፣ ክትባቱን ለማክሸፍ ግን ገና የሚበቃበት አስጊ ጊዜም አለ። ይህ ጊዜ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል፤ እንገር በደንብ ያልጠባው ደቃቃ ቡችላ በ6ኛው ሳምንት ባዶ እጁን ሊቀር ሲችል፣ ወፍራሙ ወንድሙ እስከ 14ኛው ሳምንት ሊዘልቅ ይችላል። በዓይን አይተን መለየት ስለማንችል ሁሉንም ደጋግመን እንከትባለን። ስለዚህ በየአራት ሳምንቱ የሚሰጡት ሦስቱ ክትባቶች አንዱ በሌላው ላይ የሚደረቡ ሳይሆኑ፣ በሩ የሚከፈትበትን ሰዓት ባለማወቅ ደጋግሞ እንደማንኳኳት ናቸው። ከሁሉም በላይ መቅረት የሌለበትም በ16ኛው ሳምንት ወይም ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ብዙ ሰው የሚተወው እርሱኑ መሆኑ ነው።

ለእርስዎ ቡችሎች በ8ኛው፣ በ12ኛውና በ16ኛው ሳምንት ፓርቮን (ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣውን ቫይረስ)፣ ዲስቴምፐርን (ሳንባንና ነርቭን የሚያጠቃውን ቫይረስ) እና ተላላፊውን የጉበት በሽታ በአንድነት የሚከላከለው ክትባት እንዲሰጣቸው እመክራለሁ። ፓርቮ በአካባቢው ካለ ከ6ኛው ሳምንት ተጀምሮ ልዩነቱ ወደ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሊጠብ ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ12ኛው ሳምንት ይሰጥና ከአንድ ዓመት በኋላ ይደገማል፤ በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ በሰውም ሆነ በውሻ ላይ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላልና ይህን ክትባት ማለፍ አይገባም። አይጥና የቆመ ውሃ ባለበት ቦታ ሐኪሙ በአይጥ ሽንት የሚተላለፈውን የሌፕቶስፓይሮሲስን በሽታ ክትባት ይጨምሩበታል። ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ ካልተቀመጡ ስለሚበላሹ በኪስ ይዞ መዞር አይቻልም። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ያለበት፣ በትል የተዳከመ ቡችላም እስኪያገግም ድረስ ክትባቱ ይዘገይለታል። ከክትባቱ በኋላ ፊቱ ቢያብጥ ወይም ደጋግሞ ቢያስመልስ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪሙ ይመልሱት።

ቡችሎቹን በሁለት ወራቸው መስጠትዎ አይከፋም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የወሰዱት አንድ ክትባት ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ቡችላ የመድኃኒቱን ስም፣ ቀኑንና ክብደቱን የሚይዝ ካርድ አዘጋጅተው፣ ከክትባቱ ብልቃጥ ላይ የሚነሳውን ምልክት ይለጥፉበት፤ የ12ኛውንና የ16ኛውን ሳምንት ቀን በራስዎ እጅ ይጻፉበት። ተቀባዮቹንም ክትባቱ እስኪያበቃ ድረስ ያልተከተቡ ውሾች በሚውሉበት ቦታ መሬት ላይ እንዳያወርዱት ይንገሯቸው። ቤት ውስጥ መቆለፍ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ቡችላ ሰውንና ድምፅን የሚለምደው በዚሁ ዕድሜ ስለሆነ ታቅፈው ያውጡት። ቡችላውን ወደ ቤታቸው ከወሰዱት በኋላ መብላት ቢያቆም፣ ቢያስመልስና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቢያሳይ የሚቀጥለውን የክትባት ቀን ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ያድርሱት።