የናፍጣ ሙቀት ሴንሰሩ የት ነው ላልከው ወንድማችን

«ከደወሌ ጭኜ ደንገጎን ስወጣ ኮምፒውተሩ የናፍጣ ሙቀት 70 ዲግሪ አሳየኝ፣ የሞተሩ ውሃ ግን ደህና ነው፤ ሴንሰሩ ሬሉ ጫፍ ላይ ያለው ነው ወይ? ልቀይረው?» ብለሃል። አቦ፣ ገንዘብህን ሳታወጣ ትንሽ ቆይ።

ሬሉ (ለኖዝሎቹ ናፍጣ በከፍተኛ ግፊት የሚያከፋፍለው ወፍራም ቱቦ) ላይ ያለው የሚለካው ግፊት ነው፤ እሱን ተወው። ሞተሩ እየሠራ እዚያ አካባቢ ቱቦ እንዳትፈታ፣ ከሺህ ባር በላይ ግፊት እጅ ይበሳል። የሙቀቱ ሴንሰር የሚቀመጠው ግፊቱ ዝቅ ባለበት በኩል ነው። የሞተሩን ዓይነት አልጻፍክም እንጂ የድሮው የኢቬኮ ኩርሰር ከሆነ (ያኛው ጭራሽ ሬል የለውም) የናፍጣ ፊልትሮው የሚታሰርበት ብረት ላይ ታገኘዋለህ፤ ባለሁለት ሽቦ ነው። ባለሬል (ኮመን ሬል) መኪኖች ላይ ወደ ፖምፓው መግቢያ ወይም መመለሻው ቱቦ ላይ ይሆናል። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዙት የድሮ ሮታሪ ፖምፓዎች ሆዳቸው ውስጥ ይዘውታል። ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል የሆነው ላይ ደግሞ ከነጭራሹ የለም፣ አትድከም።

ቦታውን ሳታውቅ 70 ማለት ምን እንደሆነ አታውቅም። መመለሻው ላይ ከሆነ በፖምፓና በኖዝል አልፎ የሞቀ ናፍጣ ነው፤ በድሬ ሙቀት፣ ያውም ዳገት ላይ፣ ብዙም አያስደነግጥም። ፊልትሮው ላይ ከሆነ ግን ወደ ሞተሩ የሚገባው ራሱ ሞቋል ማለት ነው። ናፍጣ ሲሞቅ ይሳሳል፤ በየ10 ዲግሪው 1 በመቶ የማይሞላ ክብደት ከሊትሩ ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ ሙቀቱን የሚጠይቀውም የሚረጨውን መጠን ለማስተካከል ነው። በጣም ሲሞቅ ፖምፓውን ለማዳን ጉልበት የሚቀንሱ መኪኖችም አሉ።

ሴንሰሩን የምትፈትነው ጠዋት ነው። መኪናው ድሬ ሳቢያን ሰፈርም ይሁን ሌላ ቦታ ሲያድር፣ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍተህ የናፍጣውን፣ የውሃውንና የአየሩን ሙቀት አንብብ። ሦስቱ ተቀራርበው ከታዩ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ናፍጣው ብቻውን 50 ካለ ሶኬቱን ንቀልና በቴስተር ለካ፤ የቦሽ ዓይነቱ 20 ዲግሪ ላይ 2.5 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው፣ 80 ላይ ወደ 300 ኦም ይወርዳል። ልኬቱ ደህና ሆኖ ስክሪኑ ከዋሸ ሽቦውን ፈልግ። ሶኬቱ ውስጥ አቧራና ናፍጣ ተቀላቅሎ ጭቃ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጠዋት ሦስቱም ከተስማሙ ዳገቱ ላይ ያየኸው 70 እውነት ነው፤ ናፍጣው የምር ሞቆ ነበር። ታንኩ ውስጥ ስንት ነበረህ? እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ግማሽ የማይሞላ ናፍጣ ይዘህ ስትወጣ ከሞተሩ ትኩስ ሆኖ የሚመለሰው የሚቀዘቅዝበት ቦታ ስለሌለው ሙቀቱ እየዞረ ይጨምራል። ስለዚህ ሴንሰር ከመግዛትህ በፊት ድሬ ላይ ሞልተህ ያንኑ ዳገት ውጣና ቁጥሩን እይ፤ ከዚያ የሞተሩን ዓይነትና የጠዋቱን ንባብ እዚሁ ጻፍልን።