ሳጥኑ ውስጥ ምንድን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የጋሼ መልስ

ስለ ሞዴል አውሮፕላን የምትልኩልኝ ደብዳቤ ተጠራቅሞብኛል። ዛሬ ሦስቱን መርጫለሁ፤ ሦስቱም ድንበር የሚሻገሩ ናቸው። ለማያውቁኝ፦ ብዙ ዘመን ቦሌ ሃንጋር ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። አሁን ቶሮንቶ ጡረታዬን እበላለሁ፤ ትልቁን አውሮፕላን ትቼ ትንሹን እሠራለሁ። ባለቤቴ የፈቀደችልኝ «እጅህ ሥራ ካጣ ቤቱን ታፈርሰዋለህ» ብላ ነው።

*ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሚሲሳጋ፣ ካናዳ ነው። በሪሞት የሚበር አውሮፕላን ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ለጸደይ ከጓደኛዬ ጋር በመኪና ኦሃዮ ድረስ ሄደን የሞዴል ትርኢት ልናይ አስበናል። ሁለት አውሮፕላን እንይዛለን፤ ከተመቸኝም እዚያ ያገለገለ ሞተር እገዛለሁ። እኔ ዜግነት ወስጃለሁ። ጓደኛዬ ፒአር (ቋሚ ነዋሪ) ነው፣ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ነው። አውሮፕላኖቹን ድንበር ላይ ይከለክሉን ይሆን? — ዳ.፣ ከሚሲሳጋ*

ወንድሜ ዳ.፣ አውሮፕላኑ ያልፋል። የሚቀረው ጓደኛህ ነው።

የካናዳ ፒአር ካርድ ለአሜሪካ ቪዛ አይሆንም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው ቶሮንቶ ሃያ ዓመት ቢኖርም የአሜሪካ ቪዛ ማውጣት አለበት። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው የድንበሩ ድልድይ ላይ ደርሶ ነው። ቀጠሮው ደግሞ ይቆያልና ዛሬውኑ ይጀምር። ቪዛው ካለው ድንበሩ ላይ አይ-94 የሚባል የመግቢያ መዝገብ ያወጡለታል፤ ክፍያ አለው። ሲመለስ ደግሞ ፒአር ካርዱን እንዳይረሳ።

አሁን ወደ አውሮፕላኑ። እኔ መጀመሪያ የተሻገርኩት ለቶሌዶው ትርኢት ነበር። ቶሌዶ ኦሃዮ ውስጥ ናት፤ ከዲትሮይት በአይ-75 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ትነዳለህ። ትርኢቱን ለብዙ አሥርት ዓመታት ያዘጋጅ የነበረው ዊክ ሲግናልስ የሚባል የከተማዋ ክለብ ነው። ስሙ «ደካማ ሲግናሎች» ማለት ነው። በሪሞት ለሚያበር ሰው ሲግናል ደከመ ማለት አውሮፕላኑ መሬት ገባ ማለት ነው። በራሳቸው የሚቀልዱ ሰዎች ደስ ይሉኛል። አዳራሹ በአንድ በኩል ነጋዴው አዲስ እቃ የሚደረድርበት ነው፤ በሌላ በኩል ግን ያው የኛ ምን አለሽ ተራ ነው። ጭራ የሌለው አውሮፕላን፣ አውሮፕላን የሌለው ጭራ፣ በካርቶን የተከመረ ሰርቮ (ክንፍና ጭራ ላይ ያለውን መሪ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር)። ከሰዓት በኋላ ዋጋው ይወርዳል፤ ባለቤቱ ተሸክሞ መመለስ አይፈልግማ።

የያዝኩት ዲሲ-3 ነበር። ኤፕሪል 8 ቀን 1946 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአሥመራ በኩል ካይሮ የበረው በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ነው። የኔው በ12 እጥፍ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 2 ሜትር ከ40 ይሆናል። ክንፉ ሦስት ቦታ ይፈታል። ሳጥኑን ከኮምፔርሳቶ ሠራሁት፤ ረጅም፣ ጠባብ፣ ክዳኑ በብሎን የታሰረ። ክንፎቹን በጋቢ ጠቀለልኳቸው። ጋቢ ለባልሳ እንጨት የሚስተካከለው የለም፤ ይለሰልሳል፣ አይንሸራተትም፣ ማታ ሆቴል ስትደርስ ደግሞ ትለብሰዋለህ።

መኮንኑ የቫኑን ኋላ ከፍቶ ሳጥኑን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ውስጡ ምንድን ነው?» አለኝ። ያኔ ነው የሬሳ ሣጥን እንደሚመስል የታየኝ። «አውሮፕላን» አልኩ። ይህ ትክክለኛ መልስ አይደለም። ወደ ጎን አቁም አሉኝ፤ 14 ብሎን አንድ በአንድ ፈታሁ። ጋቢው ሲገለጥ ሌላኛው መኮንን፣ ጠና ያለ ሰው ነው፣ ጎንበስ ብሎ የሞተሩን ሽፋን አየና «አባቴ በዚህ በርሯል» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ድንበር ያወራ የለም። 14ቱን ብሎን መልሼ ያሰርኩት ግን ብቻዬን ነኝ።

ስለዚህ ሳጥንህ በማጠፊያና በመንጠቆ የሚከፈት ይሁን። ስትጠየቅ «በሪሞት የሚበር ሞዴል አውሮፕላን ነው፣ የራሴ ነው፣ ካሜራ የለውም፣ ትርኢት ላይ ላሳየው ነው፣ ይዤው እመለሳለሁ» በል። ድሮን ነው ወይ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ለመሸጥ የያዝከው ካለ ሳይጠይቁህ ተናገር፤ ለመሸጥ የሚገባ እቃ ወረቀቱ ሌላ ነው። ነዳጅ አትያዝ። ግሎው የሚባለው የሞዴል ሞተር ነዳጅ ሜታኖልና ናይትሮሜቴን ነው፣ እሳት ነው፤ እዚያው ይገዛል። ከአገር ቤት የመጣ ቋንጣም ቤት ይቆይ። ለመንገድ ቆሎ ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዊንዘር ወደ ዲትሮይት ስትሻገር ወደ ሰሜን ነው የምትሄደው። አዎ፣ ከካናዳ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሰሜን። ካርታ እዩ። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1929፣ ከወንዙ በታች የሚያልፈው መኪና መንገድ ደግሞ በ1930 የተከፈቱ ናቸው። ሳጥን ስይዝ እኔ ድልድዩን እመርጣለሁ።

ሁሉም የሚፈራው መሄዱን ነው። እኔን ያቃጠለኝ ግን መመለሱ ነው። በሌላ ዓመት ለወዳጄ ላሳየው ብዬ ባለ አራት ስትሮክ ሞተሬን ይዤ ሄድኩ። ስድስት ዓመት ሠርቶልኛል፤ ግን እቃ አያያዝ ስለምወድ ከነካርቶኑ፣ እንደ አዲስ ያበራል። ስመለስ «ይህን የት ገዛኸው?» ተባልኩ። ቶሮንቶ። «ደረሰኝ?» የስድስት ዓመት ደረሰኝ ማን ያስቀምጣል! ከፈልኩ። የገዛ ሞተሬን ሁለተኛ ገዛሁት። መኮንኑ ላይ አልፈርድም፤ ከሱቅ የወጣ የሚመስል እቃ ነው ያየው።

መድኃኒቱ አንዲት ወረቀት ናት። ከካናዳ ከመውጣትህ በፊት የካናዳ ጉምሩክ ቢሮ ገብተህ ይዘኸው የምትወጣውን ውድ እቃ አስመዝግብ። ቅጹ ቢኤስኤፍ 407 ይባላል፤ የድሮ ሰዎች ዋይ 38 ይሉታል። በነጻ ነው፣ ኪስ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች፣ በሌላ ጊዜ ስትወጣም ታገለግልሃለች። ሪሞቱንና ሞተሩን በሲሪያል ቁጥራቸው ይጽፉልሃል። በእጅህ የሠራኸው አውሮፕላን ሲሪያል ቁጥር የለውምና ተለጣፊ ምልክት ያደርጉለታል። አስር ደቂቃ ነው። እኔ ያንን አስር ደቂቃ ሰስቼ ነው የከፈልኩት።

ለምትገዛው ሞተር ደግሞ ሰዓትህን ቁጠር። በዚያው ቀን ከተመለስክ ነጻ የሚባል ነገር የለም። 24 ሰዓት ከሞላህ እስከ 200 የካናዳ ዶላር ነጻ ነው፤ በአንድ ዶላር ካለፈ ግን የሚታሰበው በሙሉው ላይ ነው። 48 ሰዓት ከሞላህ እስከ 800 ነጻ ነው፤ ካለፈም የምትከፍለው በትርፉ ብቻ ነው። ኦንታሪዮ ላይ የሽያጭ ታክሱ 13 በመቶ ነው። ቀረጥ መኖር አለመኖሩ እቃው በተሠራበት አገር ይወሰናል፤ አሜሪካ ሱቅ የተገዛ ሁሉ አሜሪካ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ሌሊት እደሩ። የሆቴሉን ብትደምረውም ያዋጣል፤ ደግሞም በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ለወገብ አይሆንም።

እዚያ ለማብረር ካሰብክ አውሮፕላንህ ከ250 ግራም በላይ ከሆነ በአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ይመዘገባል፤ ቁጥሩም ከላዩ ይጻፋል። ትረስት የሚባለውን ነጻ ፈተናም በኢንተርኔት ትወስዳለህ። አዳራሽ ውስጥ ለማሳየት ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግህም።

*ጋሼ፣ እኔ ሞዴል የሚባል ነገር አላውቅም። የ13 ዓመት ልጄ ግን በፕላስቲክ የሚገጣጠም አውሮፕላን ይሠራል፣ ቀለም ይቀባል፣ ቤቱ ሁሉ ሙጫ ነው። ሃሚልተን፣ ካናዳ መጋቢት ላይ ውድድር አለ ብሎ አላስቀምጥ አለኝ። አባቱ ሥራ ስላለው አይመጣም። እኔ ግሪን ካርድ አለኝ፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ልጁ እዚሁ አሜሪካ የተወለደ ነው። የካናዳ ቪዛ ስንት ወር ይፈጃል? — የልጅ እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ*

እህቴ፣ ቪዛ አያስፈልግሽም። ከላይ የዳ. ጓደኛ ሲያነብ ይናደድ ይሆናል፣ ግን እንዲህ ነው። ከካናዳ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ፒአር ቪዛ ይጠየቃል፤ ከአሜሪካ ወደ ካናዳ የሚመጣ ባለ ግሪን ካርድ ግን ፓስፖርቱንና ግሪን ካርዱን ብቻ ያሳያል። ፓስፖርቱ ጊዜው ያላለፈ ይሁን። ግሪን ካርድ ከያዝን በኋላ የኢትዮጵያ ፓስፖርታችንን መሳቢያ ውስጥ የምንረሳ ብዙ ነን። አሁኑኑ አውጥተሽ ቀኑን እይው።

ልጁ ዜጋ ስለሆነና 16 ዓመት ስላልሞላው በመኪና ከመጣችሁ የልደት ሰርተፍኬቱ ይበቃዋል። በአውሮፕላን ከሆነ ግን ፓስፖርት ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው የአባትየው ደብዳቤ ነው። «ልጄ ከእናቱ ጋር ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ካናዳ እንዲሄድ ፈቅጃለሁ» ብሎ ይፈርም፣ ስልኩን ይጻፍ፤ ኖተሪ ጋ ቢያስመታው ደግሞ የተሻለ። ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ ሲያዩ ይጠይቃሉ። አትቀየሚያቸው፤ የሚጠይቁት ለልጅ ብለው ነው። መኮንኑ ልጁን ካናገረው ደግሞ አንቺ ዝም በይ። ስለ ሙጫና ቀለም የጀመረ እንደሆነ ራሳቸው ናቸው ሂዱ የሚሏችሁ።

ውድድሩ የሚደረገው በሃሚልተን አውሮፕላን ማረፊያ ባለው የካናዳ የጦር አውሮፕላኖች ሙዚየም ሃንጋር ውስጥ ነው። ጠረጴዛዎቹ በእውነተኞቹ አውሮፕላኖች መሃል ነው የሚደረደሩት። ላንካስተር የሚባለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ እዚያ አለ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚበሩ ላንካስተሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሌላው እንግሊዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የሃሚልተኑ አትላንቲክን አቋርጦ ሄዶ አብረው በርረዋል። እኔ ሃንጋር ስገባ መጀመሪያ የሚያገኘኝ ሽታው ነው፤ ዘይት፣ ጎማ፣ ቀዝቃዛ ብረት። እግሬ ቦሌ የገባ ይመስለዋል።

ሞዴሉን በመጠቅለያ አትጠቅልሉት፤ አንቴናውና ጎማው ይሰበራል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ግዙ። ወለሉ ላይ ስፖንጅ አጣብቁና ከክንፉ ፊትና ኋላ ስቴክኒ ተክላችሁ እንዳይነቃነቅ አድርጉት። ሙጫ በኪስ ይዞ ይምጣ፤ ሃሚልተን ደርሶ አንድ ነገር ሳይሰበርበት የቀረ ሰው አላየሁም። ስትመለሱ ደግሞ 48 ሰዓት ከቆያችሁ ለእያንዳንዳችሁ 800 ዶላር ነጻ ነው፤ ካነሰ 200። ልጁም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል። ይህን ግን ለሱ አትንገሪው።

*ጋሼ፣ ከዱባይ ነው። አዲስ አበባ ላለ ወንድሜ በሪሞት የሚበር አውሮፕላን ከነባትሪው ልወስድለት ነው። ባትሪው 6 ሴል፣ 5000 ሚሊ አምፒር አወር ነው። ሻንጣ ውስጥ ላድርገው? — ሰ.*

አይ፣ ሻንጣ ውስጥ አይሆንም። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ቦርሳ ነው የሚሄደው፣ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ቮልቱን በአምፒር አወሩ አባዛው። ያንተ 6 ሴል 22.2 ቮልት ነው፣ 5000 ሚሊ አምፒር አወሩ ደግሞ 5 አምፒር አወር፤ 22.2 በ5፣ 111 ዋት አወር ይመጣል። እስከ 100 ያለው ያለ ጭቅጭቅ ያልፋል። ከ100 እስከ 160 አየር መንገዱን አስፈቅደህ፣ ከሁለት ሳይበልጥ። ከ160 በላይ ጨርሶ አይሳፈርም። ሞልተህም አትያዘው፤ በሴል 3.8 ቮልት ላይ ይሁን።

ግን ወንድምህ ፈቃድ አለው? ድሮን ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። «ይሄ ድሮን አይደለም፣ ካሜራ የለውም» የሚለው ክርክር ቦሌ ጉምሩክ ፊት ቆሞ የሚጀመር ክርክር አይደለም። እዚያ ሆኖ አስቀድሞ ይጠይቅ። እስከዚያው የባልሳ ተንሸራታች ውሰድለት፤ ሞተር የለው፣ ሪሞት የለው፣ በእጅ ይወረወራል። እኛ በልጅነታችን በበቆሎ አገዳ ነበር የምንሠራው። የኔዎቹ ሁሌ ወደ ግራ ነበር የሚታጠፉት፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ቦሌ ከተቀጠርኩ በኋላ ነው።