የማን ቁና? ስለ አሜሪካ የሥራ አጥነት ቁጥር ጥያቄና መልስ

በሜሪላንድ፣ በአንድ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። የሥራ ዘገባ በሚወጣበት ዓርብ ስልኬ አያርፍም፤ ግማሹ «ይኸው ኢኮኖሚው ተነሣ» ይላል፣ ግማሹ «ውሸታሞች» ይላል። ከወገኖች የመጡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ የምችለውን መልሻለሁ። ዓመቶቹም ወራቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለመሆኑ ይህን ቁጥር የሚያወጣው ማን ነው? ዋይት ሐውስ አይደለም?

አይደለም። የሚያወጣው በሠራተኛ ሚኒስቴር ሥር ያለው የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ነው፤ ከ1884 ጀምሮ ያለ መሥሪያ ቤት። መረጃውን የሚሰበስብለት ደግሞ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ሲሆን፣ በየወሩ ወደ 60 ሺህ ቤተሰቦች በአካልና በስልክ ይጠየቃሉ። ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነ፣ ባለፉት አራት ሳምንታትም ሥራ የፈለገ ሰው ነው። ለጊዜው ከሥራ ተቀንሶ ጥሪ የሚጠባበቅም ይጨመራል። የሥራ አጥ አበል መቀበል አለመቀበል በስሌቱ ውስጥ የለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዋይት ሐውስ ቁጥሩን የሚያየው አልቆ ከተዘጋ በኋላ፣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ ነኝ፤ ኡበር እነዳለሁ። አንዳንዱ ሳምንት ቤንዚኑን እንኳ አይሸፍንም። እኔ ሠራተኛ ነኝ ወይስ ሥራ አጥ?

ሠራተኛ ነህ ወንድሜ። በመጠይቁ ሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው ሠራተኛ ተብሎ ይጻፋል። ቤንዚኑን ስለ መሸፈኑ የሚጠይቅህ የለም።

ነገሩ በእኔው ቤት ስለ ደረሰ በዝርዝር ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤታችን ለናሙና ተመረጠ። መጀመሪያ ደብዳቤ መጣ፤ ቀጥሎ አንዲት ወጣት ኮምፒውተሯን ታቅፋ በር አንኳኳች። ቡና ተፈልቶ ነበርና ሳትቀምስ አትሄድም ተብላ ተቀመጠች። ከዚያ ስለ አምስታችን ጎልማሶች ተራ በተራ ጠየቀች።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ባለቤቴ በአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነርስ ናት፤ ሁለታችንም ሠራተኞች። የባለቤቴ ወንድም በአንድ ሆቴል የእንግዶችን መኪና ያቆማል። ገበያ ቀዝቅዞ ሥራውን በሳምንት ሁለት ቀን አድርገውበታል፤ ሙሉ ሳምንት ልሥራ ቢል አልተፈቀደለትም። እሱም ሠራተኛ ተባለ። የእህቴ ልጅ ኮሌጅ ጨርሶ፣ ማመልከቻ ልኮ ልኮ መልስ ቢያጣ እርግፍ አድርጎ ትቶታል። የመጨረሻውን ከላከ ሰባተኛ ሳምንቱ ነበር። አራቱ ሳምንት አልፎበታልና ሥራ አጥ እንኳ አልተባለም፤ «ከሥራ ኃይሉ ውጪ» ተባለ። አማቴ ደግሞ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተው ሁለት ልጆች አልብሰውና አብልተው ትምህርት ቤት የሚያደርሱ፣ ተመልሰው ወጥ ሲሠሩ የሚውሉ ናቸው። እሳቸውም ከሥራ ኃይሉ ውጪ። ባለቤቴ ስትተረጉምላቸው ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ታዲያ ይህን ቤት የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው ብላ ጻፈች?» አሉ። ልጅቱ ሳቀች እንጂ የምትጽፍበት ቦታ አልነበራትም።

አሁን አስላው። በሥራ ኃይሉ ውስጥ የተቆጠርነው ሦስት ነን፤ ሥራ አጥ ማንም የለም። የቤታችን ይፋዊ የሥራ አጥነት መጠን ዜሮ ከመቶ። ያው ቢሮ በዚያው ዘገባ ዩ 6 የሚባል ሰፋ ያለ መለኪያም ያወጣል። ይህኛው ሙሉ ሥራ ፈልጎ ጎዶሎ ያገኘውን የባለቤቴን ወንድምና ፍለጋ ያቆመውን የእህቴን ልጅ ያስገባል። ሁለት ከአራት፤ 50 ከመቶ።

አንድ ቤት፣ አንድ ሳምንት፤ ዜሮም እውነት ነው፣ 50ም እውነት ነው። ሥልጣን የያዘው ፓርቲ ዜሮውን ያነሣል፤ ያጣው 50ውን። ምርጫ ሲገለበጥ ቁናቸውን ይለዋወጣሉ። ሲገዛ በትልቁ፣ ሲሸጥ በትንሹ የሚሰፍር ነጋዴ ታውቅ የለ?

ጥያቄ፦ ትራምፕ በኦባማ ጊዜ «እውነተኛው ሥራ አጥነት 42 ከመቶ ሊሆን ይችላል» ብለው ነበር። በዩ 6 ከሆነ ልክ አልነበሩም?

አልነበሩም። ያን ጊዜ ይፋዊው መጠን 5 ከመቶ ግድም፣ ዩ 6ም 10 ከመቶ ግድም ነበር። 42 ላይ ለመድረስ ተማሪውን፣ ጡረተኛውንና አማቴን ሁሉ ሥራ አጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ይልቅ የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። በመጋቢት 2017፣ እሳቸው ከተሾሙ በኋላ፣ ያው ቢሮ በዚያው አሠራር 235 ሺህ ሥራ ተጨመረ፣ ሥራ አጥነትም 4.7 ከመቶ ነው አለ። ቃል አቀባያቸው ሾን ስፓይሰር ፕሬዚዳንቱን ጠቅሰው፣ ቁጥሩ ዱሮ የሐሰት ሊሆን ይችላል፣ አሁን ግን በጣም እውነተኛ ነው አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ሪፐብሊካኖቹን ብቻ ነው የምትነካው። ዴሞክራቶቹስ?

እነሱም አላቸው እህቴ። በ2018፣ ሥራ አጥነት ከ4 ከመቶ ወዲያና ወዲህ ሳለ፣ ለምክር ቤት ትወዳደር የነበረችው አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ ሥራ አጥነቱ ዝቅ ያለው ሁሉም ሰው ሁለት ሥራ ስለ ያዘ ነው አለች። ሁለት ሥራ የያዘ ሰው በቤተሰብ መጠይቁ የሚቆጠረው አንድ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ መጠኑን ዝቅ ሊያደርገው አይችልም። ከአንድ በላይ ሥራ ያለውም ከሠራተኛው 5 ከመቶ ግድም ብቻ ነው። በእኛ ሰፈር ሁሉም ሰው ሁለት ሥራ ያለው ቢመስለን አይፈረድብንም፤ አገሩ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ብቻ አይደለም።

የባይደን ሰዎችም «16 ሚሊዮን ሥራ ፈጠርን» ሲሉ ከርመዋል። ሥልጣን ሲይዙ አገሪቱ ከወረርሽኙ በፊት ከነበራት ሥራ 10 ሚሊዮን ያህል ጎድሏት ነበር። ያ ተመላሽ እንጂ አዲስ አይደለም። የቀረውም ቢሆን ትንሽ አይደለም፤ ግን 16 ሚሊዮን አይደለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የማን ዘመን ይሻላል? በቁጥር ንገረን።

ኦባማ በጥር 2009 ሲረከቡ 7.8 ከመቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት 10 ከመቶ ደረሰ፤ ሲለቁ 4.7። ትራምፕ ከ4.7 ተነሥተው በየካቲት 2020 3.5 አደረሱት፤ በሁለት ወር ውስጥ በኮሮና 14.8 ሆነ፤ ሲለቁ ከ6 ከመቶ በላይ ነበር። ባይደን በሚያዝያ 2023 3.4 አይተዋል፤ ከ1969 ወዲህ ያልታየ። ሲያስረክቡ 4።

ከዚህ ውስጥ የትኛውን የፕሬዚዳንቱ ነው እንበል? ትራምፕን በሚያዝያ 2020 መክሰስ የፈለገ ባይደንን በ2021 ማገገም ማመስገኑ አይቀርም፤ ሁለቱም ከቫይረሱ ጋር የመጡና የሄዱ ናቸው። እኔ ሁልጊዜ የማስተምረው የሬገንን ታሪክ ነው። የዋጋ ንረቱን ለመስበር ወለዱን ሰማይ ያደረሰው የፌዴራል ሪዘርቭ (የማዕከላዊ ባንኩ) ሊቀ መንበር ፖል ቮልከር ነበር፤ የሾመው ደግሞ ካርተር። ወለዱ ሥራ አጥነትን በ1982 መጨረሻ 10.8 ከመቶ አደረሰው፤ ሬገን ተወቀሱበት። ንረቱ ሲረግብ ሬገን ተመሰገኑበት፤ በ1984 መጠኑ ገና ከ7 ከመቶ በላይ ሳለ ከ50 ግዛቶች 49ኙን አሸነፉ። ካርተር ሹመቱን ሰጥተው ሥልጣኑን አጡ። በባይደን ጊዜ ደግሞ ተገላቢጦሹ ሆነ፤ ሥራው ሞልቶ ሳለ በሰኔ 2022 የዋጋ ንረቱ 9.1 ከመቶ ገባ። ሥራ ያጣው ጥቂት ነው፤ እንቁላል የሚገዛው ግን ሁሉም ነው።

ጥያቄ፦ የቢሮዋን ኃላፊ ለምን አባረሯት? ቁጥሩን ቀይራ ይዛ ተገኝታ ነው?

በነሐሴ 1 ቀን 2025 የወጣው ዘገባ በሐምሌ 73 ሺህ ሥራ ብቻ ተጨመረ አለ፤ የግንቦትንና የሰኔንም በድምሩ በ258 ሺህ ቀነሰ። በዚያው ቀን ትራምፕ ኮሚሽነሯን ኤሪካ ማኬንታርፈርን አሰናበቱ። ቁጥሩ እኔን ለማሳጣት የተቀነባበረ ነው አሉ፤ ማስረጃ አላቀረቡም። ሴትዮዋ በ2024 በሴኔት 86 ለ8 የጸደቁ ናቸው፤ ከደገፏቸው መካከል ያን ጊዜ ሴናተር የነበሩት ጄዲ ቫንስና ማርኮ ሩቢዮ ይገኙበታል። ትራምፕ ራሳቸው ሾመዋቸው የነበሩት የቀድሞው ኮሚሽነር ዊልያም ቢችም ስንብቱን መሠረተ ቢስ ብለውታል። ኮሚሽነሩ ቁጥሩን የሚያየው ባለሙያዎቹ ከጨረሱት በኋላ ነው፤ ልለውጠው ቢል እንኳ መግቢያ በር የለውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ግን 258 ሺህ ስሕተት ትንሽ ነው? እኔ ሒሳብ ሹም ነኝ፤ እንዲህ ብሳሳት ያባርሩኛል።

አንተ ስትዘጋ ደረሰኙ ሁሉ እጅህ ላይ ነው። የተጨመሩት ሥራዎች የሚቆጠሩት ግን ከቤተሰብ መጠይቁ ሳይሆን ከሌላ መጠይቅ ነው፤ ወደ 120 ሺህ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የደመወዝ መዝገባቸው (ፔሮል) ላይ ስንት ሰው እንዳለ ይጠየቃሉ። የመጀመሪያው ዘገባ ሲወጣ ብዙዎቹ ገና አልመለሱም። ሲመልሱ በተከታዮቹ ሁለት ወራት ይታረማል፤ በዓመት አንዴ ደግሞ አሠሪዎች ለሥራ አጥ መድን ከሚያስገቡት መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ያ መዝገብ ከ95 ከመቶ በላይ የሆነውን ሥራ ይይዛል፤ ችግሩ ዘግይቶ መድረሱ ነው።

የ2024 የመጀመሪያ ማመሳከሪያ 818 ሺህ ሲቀንስ ሪፐብሊካኖች «ባይደን ያሳበጠው ቁጥር ተጋለጠ» አሉ። የ2025ቱ 911 ሺህ ሲቀንስ ዋይት ሐውስ ደግሞ የቢሮውን ብልሹነት ማሳያ አደረገው። እንግዲህ ቢሮው ለባይደን ያደላ ከሆነ፣ ምርጫው ሦስት ወር ሳይሞላው በነሐሴ 2024 ያንን ማውጣቱን ምን ትለዋለህ?

የእኔ ስጋት ሌላ ነው። ቀድሞ ከተጠየቁት ቤተሰቦች 90 ከመቶ ያህሉ ይመልሱ ነበር፤ አሁን ከ70 በታች ወርዷል። ስልክ የሚያነሣ ጠፋ። ይህን የሚጮህበት ፓርቲ ግን አላየሁም።

ጥያቄ፦ በታሪክ ፕሬዚዳንት እጁን አስገብቶ ያውቃል?

ኒክሰን ሞክረዋል። በ1971 የቢሮው ባለሙያ የወሩን ቁጥር ሲያብራሩ የተናገሩት አላስደሰታቸውም። በቢሮው የአይሁድ ሤራ አለ ብለው ጠርጥረው ፍሬድ ማሌክ የተባለ ረዳታቸው በቢሮው ስንት አይሁድ እንዳለ እንዲቆጥር አዘዙ፤ እሱም ቆጥሮ ጻፈ። ባለሙያዎች ከቦታቸው ተነሡ። ቁጥሩን ግን አልነኩትም።

በጥቅምት 2012 ደግሞ፣ ከምርጫው አንድ ወር ቀድሞ፣ መጠኑ ከ8.1 ወደ 7.8 ሲወርድ የጄኔራል ኤሌክትሪክ የቀድሞ አለቃ ጃክ ዌልች የኦባማ ሰዎች ቁጥሩን ለወጡት ብለው ጻፉ። ማስረጃ አልተገኘም፤ በቀጣዮቹ ወራትም ቁጥሩ ወደ 8.1 ተመልሶ አልወጣም።

ጥያቄ፦ ስደተኛው ሥራ እየለቀቀ የአገሬው ተወላጅ በሚሊዮን እየተቀጠረ ነው ይባላል። እውነት ነው? ወረቀት የሌለውስ ይቆጠራል?

መጠይቁ የትውልድ አገርና ዜግነት ይጠይቃል፤ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ ወረቀት የሌለውም በሩን ከከፈተ ይቆጠራል። ችግሩ እዚያው ላይ ነው፤ በር የሚከፍተው ፈርቶ ከቀነሰ፣ ወይም ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው ብሎ ከመለሰ፣ የስደተኛው ቁጥር በወረቀት ላይ ይወርዳል። የአጠቃላዩ ሕዝብ ቁጥር ደግሞ በጥር ተተምኖ ዓመቱን ሙሉ የተወሰነ ስለሆነ፣ ከስደተኛው የጎደለው ወደ ተወላጁ ይዞራል። በ2025 የተፎከረበት የሚሊዮኖች ጭማሪ በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። መጠኑን እንጂ የሰውን ብዛት ከወር ወር አታወዳድሩ።

ጥያቄ፦ የእኛ የኢትዮጵያውያንስ ስንት ነው?

በየወሩ አይታወቅም። ከ60 ሺህ ቤተሰብ የእኛ ድርሻ ትንሽ ስለሆነ የሚወጣው ቁጥር እንደ ጭስ ይወዛወዛል። የሚወጣው የጥቁሮች በጅምላ ነው፤ እሱም ለብዙ ዘመን የነጮቹን እጥፍ ያህል ሆኖ ኖሯል፣ በየትኛውም ፓርቲ ጊዜ።

ጥያቄ፦ ጥቅምት 2025 ሥራ አጥነት ስንት ነበር? ፈልጌ አጣሁት።

አታገኘውም፤ የለም። ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 12 የፌዴራሉ መንግሥት ተዘግቶ ስለ ነበር ጠያቂዎቹም እቤታቸው ተቀመጡ። ከ1948 ጀምሮ በየወሩ ሲሞላ የኖረው ሠንጠረዥ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍት ቦታ አለው። ያን ወር ከዋሽንግተን ዙሪያ ስንት ሰው ያለ ደመወዝ እንደ ቆየ እናንተው ታውቃላችሁ፤ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ብቻ እኔ የማውቃቸው አራት ናቸው። መጠይቁ ቢካሄድ ኖሮ ከእነሱ መካከል እቤት እንዲቀመጡ የተደረጉት «ለጊዜው ከሥራ የተቀነሱ» ተብለው ሥራ አጥ ይባሉ ነበር። የሚቆጥሯቸው ሰዎችም አብረዋቸው ተቀንሰው ነበር።