ከባድ አደጋና ቀዶ ሕክምና፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ

የአደጋ ቀዶ ሕክምና ላይ ነው የምሠራው፤ በሙያው የሚወጡ ጥናቶችንም እከታተላለሁ። ስለ ራሳችሁ ወይም ስለ ዘመዳችሁ ሕመም ግን የሚያክማችሁን ሐኪም ጠይቁ፤ ከሩቅ ማከም አይሆንልኝም። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ አደጋ ደርሶበት ሆዱን ከከፈቱት በኋላ ሳይሰፉት ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወሰዱት። ተስፋ የቆረጡበት መስሎን ነበር። ለምን እንዲህ ይደረጋል?

መልስ፦ መደንገጣችሁ አይገርመኝም። ግን ተስፋ መቁረጥ ሳይሆን ዘዴ ነው። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ደሙ ውስጥ አሲድ ይበዛል። ከዚያ ደሙ መርጋት ያቅተዋል። አንዱ ሌላውን እያባባሰ ይሄዳል። ሆዱ ክፍት በሆነ ቁጥር ደግሞ ሙቀቱ ይሸሻል። በዚህ ሰዓት አንጀት እየገጣጠምክ ሦስት አራት ሰዓት ብትቆይ፣ ስፌቱ ያማረ ሬሳ ነው የምታስረክበው።

ስለዚህ የሚደማውን ቧንቧ ታስራለህ። ጉበቱ የሚደማ ከሆነ ዙሪያውን በጨርቅ ጠቅጥቀህ ትተወዋለህ። የተበጠሰውን አንጀት ጫፍና ጫፉን ትዘጋለህ፤ አትቀጥለውም። ሆዱን ለጊዜው ሸፍነህ ትወጣለህ። ሰውየው ይሞቃል፣ ደም ይሰጠዋል፤ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ተመልሰህ ትጨርሳለህ።

ዘዴውን በሰፊው ያስተዋወቀው በ1993 ሮቶንዶ፣ ሽዋብና ባልደረቦቻቸው ፊላዴልፊያ ውስጥ ያወጡት ጥናት ነው። ክፉኛ ከተጎዱት መካከል እንዲህ ከታከሙት 13 ሰዎች 10ሩ ተረፉ። በአንዴ ተሠርቶ ካለቀላቸው 9 ደግሞ 1 ብቻ። ልዩነቱ ያስደምማል፤ ግን የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፣ ምደባውም በዕጣ አልነበረም። ለማን ይደረግ የሚለው እስካሁን ያከራክረናል።

ጥያቄ፦ ደም የሚያቆም ርካሽ መድኃኒት አለ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ ይባላል። የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ ያደርጋል። ክራሽ-2 የተባለው ጥናት በ2010 ሲወጣ በ40 አገሮች ከ20,000 በላይ ተጎጂዎችን ይዞ ነበር። መድኃኒቱን ካላገኙት 16 በመቶ ሞቱ፣ ካገኙት 14.5 በመቶ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በዓለም ላይ ደም እየፈሰሰው የሚሞተውን ሰው ካሰብክ ግን ብዙ ነፍስ ነው። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። አደጋው በደረሰ በመጀመሪያው ሰዓት ቢሰጥ እሰየው፤ ከ3 ሰዓት ካለፈ በኋላ የሰጡት ግን ደም በመፍሰስ የሚሞተውን ሰው ቁጥር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ጥያቄ፦ ድሮ ጭንቅላቱን ለተመታ ሰው ስቴሮይድ ይሰጥ ነበር። ለምን ቀረ?

መልስ፦ ስለሚገድል። ስቴሮይድ እብጠት ይቀንሳል፣ የተመታ አንጎልም ያብጣል፣ ስለዚህ ይጠቅማል ተብሎ ለዓመታት ሲሰጥ ኖረ። በ2004 ክራሽ የተባለው ጥናት 10,008 ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ አየ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስቴሮይድ ከወሰዱት 21.1 በመቶ ሲሞቱ፣ ካልወሰዱት 17.9 በመቶ ሞቱ። “ያስኬዳል” የሚለው አስተሳሰብ በኛ ሙያ ስንት ሰው እንደጨረሰ ቤቱ ይቁጠረው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ ግን ራሱን የሳተ ሰው ላይ ዕጣ ማውጣት አያሳፍርም? ማን ፈቀደላችሁ?

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔንም ይከብደኛል። ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። አሜሪካ በ1996 ያወጣችውን ብናይ፣ ያለ ፈቃድ ጥናት ውስጥ ማስገባት የሚቻለው በሽተኛው ለሞት የሚያሰጋ ሁኔታ ላይ ሆኖ፣ ያለው ሕክምና በቂ ካልሆነ ወይም መጥቀሙ ካልተረጋገጠ፣ ጥናቱ ለሱም ሊጠቅመው የሚችል ከሆነና ቤተሰብ ጠይቆ ለማስፈቀድ ጊዜ ከሌለ ነው። አስቀድሞ ኅብረተሰቡን ማማከር ግድ ነው። ሰውየው ሲነቃ ይነገረዋል፤ አልፈልግም ካለ ይወጣል። የኔን አቋም ከጠየቃችሁኝ፣ ያልተፈተነ ሕክምናን ለሁሉም በድፍረት መስጠት ይብሳል። እሱንም ቢሆን ማንም ፈቃድ አልጠየቀበትም። የስቴሮይዱን አይታችኋል።

ጥያቄ፦ ደም ለሚፈሰው ሰው ግሉኮስ ቶሎ ቢሰቀልለትስ?

መልስ፦ ግሉኮስ የምትሉት አብዛኛውን ጊዜ ሳላይን፣ ማለትም ጨው ያለው ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ደም አይሆንም። ብዙ ሲገባ ያለውን ደም ያቀጥነዋል፣ ያቀዘቅዘዋል፣ ግፊቱ ሲጨምርም የረጋውን ይነቅለዋል። በጥይት ወይም በስለት ደረትና ሆዳቸው በተወጉ 598 ሰዎች ላይ ሂዩስተን ውስጥ የተሠራ ጥናት በ1994 ወጥቶ ነበር። ፈሳሹ ቀዶ ሕክምና ክፍል እስኪገቡ ከዘገየላቸው 70 በመቶ ተረፉ፣ ወዲያው ከተሰጣቸው 62 በመቶ። ዛሬ ቶሎ የምንሰጠው ደምና ፕላዝማ፣ ማለትም የደም ፈሳሽ ክፍል፣ ነው።

ጥያቄ፦ እግሩ ክፉኛ የሚደማ ሰው መንገድ ላይ ብናገኝ ምን እናድርግ?

መልስ፦ አምቡላንስ አስጠሩ። በንጹህ ጨርቅ ቁስሉ ላይ በሁለት እጅ ተጫኑ፤ ቆመ ወይ እያላችሁ አትግለጡት። የተሰካ ነገር ካለ አትንቀሉ፣ ዙሪያውን ተጫኑ። በመጫን አልቆም ካለ ከቁስሉ በላይ፣ መገጣጠሚያው ላይ ሳይሆን፣ በሰፊ ጨርቅ አጥብቃችሁ እሰሩ። ቀጭን ገመድ አይሁን። የታሰረበትን ሰዓት ጻፉ፤ ሆስፒታል ስትደርሱ መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ እሱን ነው።