የአማቴ የጥጥ ደብተር

ባለፈው ሰሞን ሂሳብ ከሚማሩ ወጣቶች ጋር ስንጫወት የአማቴን ነገር አነሳሁ። የባለቤቴ እናት ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። ያደጉት በአሜሪካ ደቡብ፣ ጥጥ በሚመረትበት ሚሲሲፒ ዴልታ ውስጥ፣ የሰው መሬት በእኩል ከሚያርስ ቤተሰብ ነው። አንድ ልጅ እጁን አወጣና "ያን ያህል እየተጭበረበሩ ለምን ጥለው አልሄዱም?" ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር መለስኩለት። ቤቴ ገብቼ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ። ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ለሚያስቡ ልጆች ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ። ባለመሬቱ መሬቱን፣ ጎጆውን፣ በቅሎውን፣ ማረሻውንና ዘሩን ይሰጣል። ቤተሰቡ ልጅ አዋቂ ሳይባል ጉልበቱን ያመጣል። ምርቱ እኩል ይካፈላል። እስከዚህ ድረስ ለሰሚው ደህና ነው። ችግሩ ያለው በመሃል ባሉት ወራት ነው። ጥጥ ሚያዝያ ላይ ይዘራል፣ ግንቦትና ሰኔ ይኮተኮታል፣ ለቀማው የሚጀምረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። እስከዚያ ቤት ውስጥ ሳንቲም የለም። ዱቄቱ፣ የአሳማ ስቡ፣ ላምባው፣ ጫማው ሁሉ ከእርሻው ሱቅ በዱቤ ይመጣል። ዱቤው ወለድ አለው። መዝገቡን የሚይዘው ባለመሬቱ ነው። ጥጡን የሚመዝነው፣ የሚያስዳምጠው፣ የሚሸጠውም እሱ ነው። ታኅሣሥ ላይ አራሹ ቢሮ ይጠራና ስንት እንደተረፈው ወይም ስንት ዕዳ እንዳለበት ይነገረዋል። ይነገረዋል እንጂ መዝገቡን አያይም። ሐቀኛ ባለመሬት አልነበረም ማለቴ አይደለም። ግን ሐቀኛውንም ሌባውንም የሚያጣራ ሰው አልነበረም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሌሎችን መዝገብ ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝና ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

አማቴ የተወለዱት በ1924 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ትምህርት የሚማሩት ቤተክርስቲያን ውስጥ ነበር። ጥጥ ሲደርስ ትምህርቱ ይዘጋል፣ ለቀማው ሲያልቅ ይከፈታል። በዚያች አጭር ጊዜ መደመርና ማካፈል ለመዱ። አባታቸው ማንበብም መጻፍም አይችሉም። የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ አማቴ አንድ ደብተር ለሁለት ከፈሉ። በግራ በኩል ከሱቅ የመጣውን ጻፉ፤ ይህን ያህል ዱቄት፣ ይህን ያህል ላምባ፣ ለታናሽ ወንድማቸው ጫማ። በቀኝ በኩል በየማታው የተመዘነውን ጥጥ ጻፉ።

ስለ ለቀማው ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ከቁመታቸው የሚረዝም ከረጢት ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው በሁለት መስመር መሃል ይጎትቱታል። የደረቀው የጥጥ ቅርፊት ጫፉ ስለታም ነው፤ ጣት ይቆርጣል። ደህና ለቃሚ በቀን ወደ 200 ፓውንድ ይለቅማል፤ ይህ 90 ኪሎ ነው። ጥጥ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አስቡትና 90 ኪሎ ስንት ጊዜ ማጎንበስ እንደሚጠይቅ ገምቱ። ከመዳመጫ የሚወጣ አንድ እስር 500 ፓውንድ ገደማ ነው። ለዚያ ከ1,400 ፓውንድ በላይ ፍሬ ያልወጣለት ጥጥ ያስፈልጋል። አማቴ ይህን ቁጥር በቃላቸው ያውቁት ነበር። የቀኙን ረድፍ ደምረው ለእሱ ያካፍሉታል።

በ1936 አስራ አንድ እስር ወጣቸው። የዚያ ዓመት የጥጥ ዋጋ በፓውንድ 12 ሳንቲም ገደማ ነበር። 660 ዶላር ማለት ነው፤ የቤተሰቡ ድርሻ 330። በአማቴ ደብተር ከሱቅ የተወሰደው 200 አይሞላም። አባታቸው ከቢሮው ሲመለሱ ግን ባዶ እጃቸውን ነበሩ። "ትንሽ ነበር የቀረህ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ትደርስበታለህ" ተብለዋል። አማቴ ደብተሩን ይዘው ሮጡ። አባት ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው አስነበቧቸው። ከዚያ እንደገና አስነበቧቸው። እናትየዋ ተነስተው በሩን ዘጉ። አባትየው እንዲህ አሉ፦ "ልጄ፣ ሂሳብሽ ልክ ነው። ይህን ደብተር ከዚህ ቤት ውጪ ማንም እንዳያየው።"

አማቴ ለዓመታት አባታቸውን ፈሪ ናቸው ብለው ተቀይመው ኖሩ። በኋላ ነው የተረዱት። ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ፣ አርካንሳስ በሚባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ ኢሌን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1919 በእሷ አቅራቢያ ጥቁር እኩል አራሾች ቤተክርስቲያን ውስጥ ተሰብስበው ነበር። ጠበቃ ቀጥረው የጥጣቸውን ትክክለኛ ሂሳብ ለመጠየቅ ነው የተሰበሰቡት። ተኩስ ተከፈተ። በቀጣዮቹ ቀናት የታጠቁ ነጮችና ወታደሮች አካባቢውን አጥለቀለቁት፣ ብዙ ጥቁሮች ተገደሉ። ከሞት ከተረፉት አስራ ሁለቱ ሞት ተፈረደባቸው። የአንዳንዶቹ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1923 ትልቅ ውሳኔ ተሰጠበት፤ አስራ ሁለቱም በስተመጨረሻ ተፈቱ። የአማቴ አባት ያኔ ወጣት ነበሩ። ያልሰማ አልነበረም። ሂሳብ መጠየቅ ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ።

ግን ደብተሩን አላስቆሙም። በሚቀጥለው መጋቢት ለልጃቸው አዲስ ደብተር ገዙላቸው፤ ከዚያው ሱቅ፣ በዚያው ዱቤ። እኔ ከዚህ በላይ ጀግንነት አላውቅም።

መሄድን በተመለከተ ደግሞ ይህን ልጨምር። በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ግድቡን ጣሰ። ግሪንቪል ከተማ አጠገብ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁሮች ግድቡ አናት ላይ ተጠልለው ነበር። የሚያወጣቸው ጀልባ መጥቶ ነበር። ባለመሬቶቹ ግን "ከሄዱ አይመለሱም፣ ጥጡን ማን ይለቅመዋል?" ብለው እንዲቀሩ አደረጉ። በጎርፍ መሃል እንኳ መሄድ አልተፈቀደላቸውም።

አንድ ቀን ለአማቴ ስለ አጎቴ አወራኋቸው። አጎቴ አርሲ ውስጥ ጭሰኛ ነበር። እኔም ተማሪ ሆኜ "መሬት ላራሹ" እያልኩ ወጥቻለሁ፤ ትዝታው ብዙ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ላቆየው። አማቴ በጥሞና ሰሙኝና የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ "ሚዛኑን የሚይዘው ማን ነበር?" እኛ ዘንድ እህሉ አውድማ ላይ፣ ሁለቱም ወገን እያየ በቁና እንደሚሰፈር ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። "ቢያንስ ዓይናችሁ እያየ ነው የወሰዱባችሁ" አሉኝ። ጥጥ አይበላም፣ ጎተራ አይገባም። መዳመጫው ቤት ከገባ በኋላ አራሹ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው።

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልምጣ። አማቴ እነዚያን ደብተሮች ወደ ቺካጎ ይዘዋቸው መጥተው ነበር። ልጃቸውን ያገባሁ ሰሞን የሂሳብ ሰው መሆኔን ሲሰሙ ደስ አላቸው። "አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ትመረምርልኛለህ" አሉኝ። እኔ ለሲፒኤ፣ ማለት ለሂሳብ አዋቂነት ፈቃድ ፈተና እያጠናሁ ነበር። ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል አልኩ፣ ከዚያ ለሚቀጥለው። አንድ በጋ ከባድ ዝናብ ዘነበና ምድር ቤታቸው በውሃ ተሞላ። ካርቶኖቹ ሁሉ ተጣሉ። ዛሬ ያለኝ እሳቸው በኋላ በቃላቸው የነገሩኝ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት የሕዝብ ቆጠራ ቅጾችን ለሕዝብ የሚከፍተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው። የ1940ው በ2012 ሲከፈት ቤተሰቡን ፈልጌ አገኘሁ። የአባትየው ስም አለ፣ ዕድሜያቸው አለ፣ እርሻ ላይ እንደሚኖሩ ተጽፏል። የገቢው ረድፍ ላይ ዜሮ ይላል። ቅጹ መጠኑን የሚጠይቀው የደመወዝ ብቻ ስለሆነ የአራሽ ገቢ አይገባበትም። የዚያ ሁሉ ዓመት ልፋት በመንግሥት ወረቀት ላይ ዜሮ ሆኖ ተቀምጧል። ትክክለኛውን ቁጥር የያዘው የአንዲት ልጅ ደብተር ነበር።

እናንተ የዛሬ ልጆች ስለ ዘራችሁ ለማወቅ ምራቃችሁን ለምርመራ ትልካላችሁ፤ ሳሎን የተቀመጡትን አያታችሁን ግን አትጠይቁም። ወላጆቻችሁ እንዴት አሜሪካ እንደገቡ ስጠይቃችሁ "በሱዳን በኩል" ትሉና ታቆማላችሁ። ሱዳን ሲገቡ ምን ሠሩ? ማን ቀጠራቸው? ስንት ተከፈላቸው? ማን ከለከላቸው? "የሕይወት ታሪክዎን ያጫውቱኝ" ስትሏቸው ሽማግሌዎች ግራ ይገባቸዋል። በየትኛው ወር ገንዘብ ቤት ይገባ እንደነበር ጠይቋቸው፤ ያኔ አያቆሙም። ስልካችሁንም አስቀምጡት። ካሜራ ሲያዩ ሰዎች ይጠነቀቃሉ። ደግሞ ሳስበው የአማቴን ድምፅ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልቀዳሁም፤ ዛሬ ብሰማው ምን ያህል ደስ ባለኝ። እንግዲያው ቅረጹ፣ ግን ቲክቶክ ላይ ዘፈን ደርባችሁ አትልቀቁት።

ለጠየቀኝ ልጅ መልሴ ይኸው። ሄደዋል። በ1943 ከአንድ እሑድ አምልኮ በኋላ፣ ማንም እንዳይጠረጥር በየተራ ወጥተው፣ በኢሊኖይ ሴንትራል ባቡር ቺካጎ ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት ክላርክስዴል አቅራቢያ የጥጥ መልቀሚያ ማሽን ለሕዝብ ታየ። ሰው በሰዓት 20 ፓውንድ ሲለቅም ማሽኑ እስከ 1,000 ይለቅማል። ከዚያ ወዲህ የቀሩትን አራሾች አትሂዱ የሚላቸውም እየጠፋ መጣ።

የ1936ን ሂሳብ እንደገና እየሠራሁት ነው። የዱቤው ወለድና የማስዳመጫው ክፍያ ይጎድለኛል። የፍሬውንም ዋጋ ማን እንደወሰደው ማጣራት አለብኝ፤ የጥጥ ፍሬ ለዘይት ፋብሪካ ይሸጥ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜ ቤት ነኝ። ካልኩሌተርህን ይዘህ ና፣ አብረን እንሠራዋለን።